በክረምት ተራራ ስንወጣ መንገዱ ከየት ይጀምራል?

ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተመረቀ ወዲህ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያው መንገድ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ዝቋላን ሜዳው መሐል ብቻውን ቆሞ ያየዋል፤ ቅርብም ይመስለዋል። ነሐሴ ላይ ዝናብ በጠገበ ዋልካ ውስጥ ወደዚያ ተራራ 10 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሲብስም አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ያውም ዳገቱን ገና ሳይጀምር ነው።

ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከአሰላ ወጣቶች ተሰባስበው "ተራራ እንውጣ" የሚሉት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ ክረምት ሲገባ። ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ ዕለት ጠዋት ላይ አቧራው ስለሚታጠብ ተራሮቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ልብም ያነሣሣሉ። ጥቅምት ላይ ወጥቶ የነበረ ጓደኛ "ሦስት ሰዓት ነው የፈጀብን" ይላል። የሱን ሰዓት ይዞ በነሐሴ የተነሣ ቡድን ቀትር ላይ ገና ከግርጌው አልደረሰም። ጓደኛው የነገራቸው እውነት ነው፣ ተራራውም አልረዘመም። የተለወጠው ከመኪና ወርደው እግራቸውን መሬት ያሳረፉበት ቦታ ነው።

ስለዚህ የክረምት ዕቅድ ከጫፉ አይጀመርም። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የመጀመሪያው ጥያቄ "መኪናው የት ላይ ይቆማል?" የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ የማስቀድመው ያለምክንያት አይደለም፤ ርቀቱ፣ መነሻ ሰዓቱ፣ ስንቁ፣ ማደር አለማደሩ ሁሉ ከሱ መልስ ነው የሚመነጨው። በበጋ መቆሚያው ከተራራው እግር ሥር ሊሆን ይችላል፤ ዝቋላ ላይማ ጠንካራ መኪና ያለው ሰው በደረቅ ወቅት እስከ ላይ ድረስ ይወጣል። ክረምት ሲገባ መቆሚያው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መጀመሪያ ከተራራው ወደ ግርጌው፣ ከዚያ ከግርጌው ወደ ሜዳው፣ በመጨረሻም ጠጠሩ ወይም አስፋልቱ ወደሚያልቅበት።

መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው አፈሩ ነው። በቢሾፍቱና በሞጆ ዙሪያ፣ እስከ ዝቋላ ሜዳ ድረስ፣ ብዙው መሬት ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፤ ውኃ በየገጹ መካከል እየገባ ያሳብጠዋል፣ ውኃው ሲወጣ ደግሞ ይኮማተራል። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የምናየው ለዚህ ነው። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች በስንጥቁ ገብተው ወደ ታች ስለሚሰርጉ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ መኪና ይችላል። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዝናብ መውረጃ ያጣና ላይ ላዩን ይተኛል። ሰኔ አጋማሽ ላይ መኪና የገባበት መንገድ ሐምሌ አጋማሽ ላይ አያስገባም። አንድ ቀን ፀሐይ ቢወጣም አያደርቀውም፤ ላዩ ቅርፊት ሠርቶ ያታልላል እንጂ ሥሩ እንደራሰ ነው።

እግረኛውንም አይምረውም። የመጀመሪያው እርምጃ ጫማ ሥር ስስ ጭቃ ይለጥፋል፤ ሁለተኛው በዚያ ላይ ይደርባል። ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ሶሉ በሁለት ጣት ወፍሮ፣ በጎኑም ሰፍቶ፣ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ውጭ ያጋድለዋል። ቆሞ በእንጨት መፋቅ፣ ጥቂት መሄድ፣ እንደገና መፋቅ ነው። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የተራራ ጫማ እዚህ ላይ ባለቤቱን ያደክማል፤ ለድንጋይ የተሠራው ጥርስ ጭቃውን ነክሶ አይለቅም። የአገሩ ገበሬ በኮንጎ ጫማ ወይም በጎማ ቦት የሚሄደው፣ አንዳንዱም ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ የሚያቋርጠው ያውቅበታል። ለስላሳ ፕላስቲክ ጭቃ አያቆይም፤ መንገድ ዳር በተኛ ውኃ ቢነከር ይጠራል። የተራራውን ጫማ ቦርሳ ውስጥ ይዞ ሜዳውን በርካሽ የጎማ ቦት መሻገር፣ ግርጌው ላይ መለወጥ ይሻላል። አንድ ኪሎ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ የሚያተርፈው ጊዜ ግን ከሸክሙ ይበልጣል።

ክረምት መንገድን የሚያስረዝምበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የከተማ ልጅ ብዙ ጊዜ አያስበውም። በጋ ላይ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ስለሚሆን እግረኛ ጫፉን እያየ ቀጥ ብሎ ያቋርጣል። የአድአ ጤፍ የሚዘራው ግን በዚሁ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የተዘራ ማሳ አይረገጥም። ስለዚህ እግረኛው በማሳዎቹ ወሰን እየዞረ፣ አንዱን ማሳ በቀኝ ሌላውን በግራ እየተወ ይሄዳል፤ በካርታ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የነበረው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን አይገርምም። ወሰኑም ሁሉም ስለሚሄድበት ጭቃው የተቦካ ነው። አቋርጦ መሄድ ያዋጣል ብሎ የሰውን ቡቃያ የሚረግጥ ቡድን ከገበሬው ጋር መጣላቱ የራሱ ጥፋት ነው፤ የዓመት ጉሮሮ ነው የረገጠው።

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በኩል ደግሞ ነገሩ ይለያል። እዚያ አፈሩ አመዳምና አሸዋማ ነው፤ ውኃ ቶሎ ይሰርጋል፣ ጭቃው ያን ያህል አያሠጋም። የሚያሠጋው ቦረቦሩ ነው። ለስላሳውን አፈር ጎርፍ እየሸረሸረ ቀጥ ያለ ገደል ያለው ቦይ ይቆፍርበታል። ጠዋት በደረቅ አሸዋ የተሻገሩት ቦይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይወርዳል፤ ዝናቡ እነሱ ያሉበት ቦታ ባይጥልም፣ ከላይ ተራራው ላይ ከጣለ ይበቃል። አዳማ ራሷ በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች በሚወርድ ጎርፍ ስትቸገር የኖረች ከተማ ስለሆነች ይህን ለነዋሪዋ ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ጎርፍ በፍጥነት እንደሚመጣ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ጉልበት ላይ የደረሰ ደፍራሽ ውኃ ውስጥ ከመግባት ዳር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ የመጠበቂያው ሰዓት ደግሞ ዕቅዱ ውስጥ መኖር አለበት።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በአርሲ፣ አሰላ አጠገብ ሲያድግ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። በክረምት ግን ድልድይ ስላልነበረ መሻገሪያ ፍለጋ በወንዙ ዳር ወደ ላይና ወደ ታች ይሮጡ እንደነበር እሱ ራሱ ተናግሯል። ያ 10 ኪሎ ሜትር በዝናብ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር አልነበረም ማለት ነው። በአርሲና በምሥራቅ ሸዋ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ክረምት ርቀትን እንዴት እንደሚለውጥ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ የምንጠይቀውም እሱን ነው።

አጠያየቁ ግን ዘዴ ይፈልጋል። "ሩቅ ነው?" ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ እንግዳውን ላለማሳዘን "ቅርብ ነው፣ እዚሁ ነው" ይላል፤ ለሱ ደግሞ እውነትም ቅርብ ነው። "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ማለትም አይጠቅምም፤ በኪሎ ሜትር አይሄድምና። እኔ የምመርጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ "አባቴ፣ ትናንት እዚህ መንገድ ላይ ጋሪ አልፏል?" ጋሪ በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱና በመቂ ዙሪያ የመንገዱ እውነተኛ መለኪያ ነው። ፈረስ ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ ለእግረኛ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ጋሪ ትቶት አህያ ብቻ የሚያልፍበት ከሆነ ሦስት ብሎ ማሰብ ነው። አህያም ከቆመ፣ ያ መንገድ ለዚያ ሳምንት የለም። ቀጥሎ "ገበያ ለመድረስ ከቤት በስንት ሰዓት ትነሣላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ የገበያ ሰዓት ተሞክሮ የታወቀ ሰዓት ስለሆነ አያሳስትም። በቡድኑ ውስጥ ኦሮምኛ አጥርቶ የሚናገር ሰው ቢኖር መልሱ በእጥፍ ይሞላል፤ ለምን እንደመጡ ተናግረው ሰላምታ ተለዋውጠው የሚጠይቁት ሌላ ነው፣ ከመኪና መስኮት አንገት አውጥቶ የሚጠየቀው ሌላ። የአካባቢው ጸጥታም በዚሁ ጊዜ ይጠየቃል፤ ከቀበሌው ወይም ከወረዳው አስተዳደር ጋር ሳይነጋገሩ መውጣት አይገባም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የታተሙት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች ለዚህ ሥራ የሚስማሙ ናቸው። አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር። ማስመሪያ አስቀምጦ ከዚህ እዚያ መለካት የአሞራ መንገድ ነው የሚሰጠው። ክር ውሰዱ። ጫፉን መኪናው በሚቆምበት ቦታ ላይ በጣት ያዙና በእግር መንገዱ ጥምዝ ሁሉ ላይ እያጣጠፋችሁ እስከ መድረሻው አስኪዱት። ከዚያ ክሩን ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ። 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታው የማያሳያቸው ትናንሽ ጥምዞች ስላሉ እኔ ሁልጊዜ ከአምስት አንድ እጅ እጨምርበታለሁ። ካርታ ያጣ ሰው በስልኩ ላይ አስቀድሞ የወረደ ካርታ ቢጠቀም ይሆናል፤ የስልኩ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ካርታው ራሱ ግን ከቤት ሳይወጡ ስልኩ ውስጥ መግባት አለበት።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። ካርታው ላይ እንደ ጣት አሻራ የሚጠማዘዙት ቡናማ መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛሉ፤ በእነዚህ ካርታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው 20 ሜትር ነው። መንገዳችሁ 50 መስመር ካቋረጠ 1,000 ሜትር ወጣችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ዳገት ርቀትን ያስረዝማል ብሎ ያስባል። በስሌት ሲታይ ግን ጭማሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ 8 ኪሎ ሜትር ሄዶ 1,000 ሜትር የሚወጣ መንገድ በትክክል ሲለካ 8 ኪሎ ሜትር ከ60 ሜትር ግድም ነው። ዳገት የሚጨምረው ጊዜን ነው።

ምን ያህል ጊዜ? ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ቁጠሩ፤ በላዩ ላይ ለየ600 ሜትር ከፍታ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ናይስሚዝ ያሰበው ጠንካራ ሰው ደህና መሬት ላይ ያለ ዕረፍት ሲሄድ ስለሆነ የኛ ሰዓት ከዚያ መብዛቱ አይቀርም።

ዝቋላን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከፍታው 2,989 ሜትር ነው፤ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከሜዳው እስከ አናቱ በደምሳሳው 1,000 ሜትር ዳገት አለ። ከግርጌው እስከ ላይ መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በናይስሚዝ ስሌት ለርቀቱ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለዳገቱ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከዕረፍት ጋር አራት ሰዓት በሉት፤ ለመውረድ ሦስት። በጋ ላይ የሰባት ሰዓት ጉዞ ነው፤ ማለዳ ተነሥቶ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይመለሱበታል።

ነሐሴ ላይ መኪናው ከግርጌው 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቆመ እንበል። በዋልካ ላይ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሜዳው ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ዳገቱ አራት ሰዓት። ቁልቁለቱ በርጥብ ሣርና በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ስለሆነ ከሦስት ሰዓት አያንስም። ከዚያ ደግሞ ሜዳው፣ በደከመ እግር፣ ሌላ ሦስት ሰዓት ተኩል። ድምሩ 14 ሰዓት ነው። ያው ተራራ፣ ያው ጫፍ፣ ሰዓቱ ግን እጥፍ።

በነሐሴ አዳማና ቢሾፍቱ አካባቢ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዚህ አካባቢ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ክረምቱ ቀኑን በጣም አያሳጥረውም፣ የሚያጨልመው ደመናው ነው። ያም ሆኖ 14 ሰዓት በ12 ሰዓት ተኩል ውስጥ አይገባም። በፍጥነት መሄድ፣ ምሳ መዝለል፣ ሌሊት በባትሪ መጨረስ የሚሉት መፍትሔዎች ሁሉ ሰውን ለጉዳት የሚዳርጉ ናቸው። ቀናው ነገር ጉዞውን ለሁለት መክፈል ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ሜዳውን ተሻግሮ ግርጌው አካባቢ ማደር፣ በማግስቱ ማለዳ መውጣት። ከላይ ማደር የሚፈልግ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም መሆኑን አውቆ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ሥርዓቱንም ያክብር። ወይም ደግሞ ቀኑን መለወጥ ነው። ምእመናን በብዛት ወደ ዝቋላ የሚወጡባቸው ሁለቱ ክብረ በዓላት ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ናቸው፤ ሁለቱም ከዋናው ክረምት ውጭ ይውላሉ። በኦሮሞ ባህልም ተራራ ላይ የሚከበረው ኢሬቻ በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብ ሲለመን ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ የሚከበረው ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ ላይ፣ ውኃ ዳር። የአገሩ ሰው በነሐሴ በብዛት ተራራ አይወጣም፤ በነሐሴ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል።

ክረምቱን ግን ሌላ ተራራ አለ የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራና በኢተያ አልፎ አሰላ የሚደርሰው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው። የጭላሎ ተራራ ተዳፋት ከከተማዋ ብዙም አይርቅም፤ ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት የዋልካ ሜዳ የለም። ተዳፋት ላይ ውኃ ስለማይተኛ ጭቃው ያንሸራትታል እንጂ አይውጥም። ስለዚህ በክረምት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጭላሎ መነሻው ከዝቋላ ይልቅ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል ግን ጫፉ ቅርብ ነው ማለቴ አይደለም። አሰላ በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እስከ አናቱ 1,600 ሜትር ዳገት አለ፤ በአሞራ መንገድ እንኳ 15 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የእግር መንገዱ 20 ቢሆን፣ በናይስሚዝ ስሌት መውጫው ብቻ ወደ ሰባት ሰዓት ይጠጋል። በክረምት የአንድ ቀን ግብ መሆን ያለበት ጫፉ ሳይሆን ጫካው አልፎ አስታና ጅብራ የሚጀምርበት ከፍታ ነው። ያም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው።

በጭላሎ ላይ ዋናው ባላጋራ ብርድ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አዳማ 1,600 ሜትር ላይ፣ ጭላሎ አናት 4,000 ላይ፤ ልዩነቱ 2,400 ሜትር፣ በሙቀት ሲቆጠር 15 ዲግሪ ከፍ ያለ ነው። አዳማ ላይ 20 ዲግሪ ሆኖ በሸሚዝ የወጣን ልጅ ተራራው ጫፍ ላይ 4 ዲግሪ ይጠብቀዋል። በላዩ ላይ ነፋስና ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ አለ። የራሰ ጂንስና የራሰ ጥጥ ሹራብ የሰውነትን ሙቀት ይመጥጣሉ እንጂ አያሞቁም፤ ጋቢ የሚይዝ ሰው በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለዕረፍት ጊዜ ያቆየው። የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚጎተት፣ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ጓደኛ ካያችሁ ጉዞው እዚያው አበቃ፤ ልብሱን ለውጡለት፣ የሚሞቅ ነገር ስጡት፣ አውርዱት። ከቆላ የመጣ ሰው በዚያው ቀን ወደ 4,000 ሜትር ሲጠጋ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ሊጀምረው ይችላል፤ አሰላ አንድ ሌሊት ማደር ለዚህ ይረዳል። ለስንቅ ከአርሲ ጭኮ የተሻለ አላውቅም፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ያስኬዳል። የፍልሰታ ጿሚ በሶና ዳቦ ቆሎ ይያዝ።

ፈንታሌን የሚጠቅስም አለ። መተሐራ አጠገብ ነው፣ 2,007 ሜትር ከፍታ አለው፣ አገሩ ከአዳማ ይልቅ ደረቅ ስለሆነ ጭቃው ቀላል ነው። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ደርሶ ብዙ ነዋሪ ከቀዬው ተነሥቷል። ስለዚህ ከወረዳውና ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳይጠይቁ አይሞከርም።

የትኛውም ተራራ ቢመረጥ መብረቅ አለ። የክረምት ነጎድጓድ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ጠዋት የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና የሚሆንበት ጊዜ ነውና። ብልጭታው ሲታይ ሰከንድ መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ቀርቧል፤ ከጠርዙና ከነጠላ ዛፍ መራቅ፣ መውረድ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። በዚህ የተነሣ የመመለሻ ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ይወሰናል። እኔ ስድስት ሰዓት እላለሁ፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀር እንኳ ፊት ወደ ታች ይዞራል። ይህን ተራራው ላይ ሆኖ መወሰን ከባድ ነው፤ ጫፉን እያዩ "ትንሽ ነው የቀረው" የማይል የለም። ወረቀት ላይ ጽፎ ሁሉም የተስማማበት ከሆነ ግን ክርክሩ ያጥራል።

የዚያ ወረቀት ግልባጭ ለቤተሰብ ይቀመጥ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ የሚሄዱበት መንገድ፣ የመመለሻ ሰዓቱ፣ "እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን ለቀበሌው ንገሩ" የሚል መስመር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ሆኖም አምቡላንስም መኪና ነው፣ የእናንተ መኪና ከቆመበት አልፎ አይመጣም። እግሩ የተሰበረን ሰው በ10 ኪሎ ሜትር ዋልካ ላይ በቃሬዛ ለማውጣት ብዙ ሰውና ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ቡድኑ ከአራት ማነስ የለበትም የምለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ ሰው ለመጥራት ይወርዳሉ።

ከሹፌሩ ጋር ያለው ስምምነትም ከጠዋቱ ይለቅ። ሹፌር ጠዋት ደረቅ መስሎት "እስከ ግርጌው አደርሳችኋለሁ" ይላል፣ ከልቡ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ቀን ዝናብ ቢጥል ማታ ይዞን ይወጣል ወይ ነው። ከገቡ በኋላ የዘነበበት መንገድ ከኋላ ይዘጋል፤ ወንዙ ሲሞላ መኪናው ማዶ ከቆመ ማዶ ያድራል። ስለዚህ መኪናው ከወንዙ በከተማው በኩል፣ ጠጠር ላይ፣ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ደመናው በተራራው ላይ ሲከብድ ሹፌሩ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ አስፋልቱ ይመለስ፤ የመጠበቂያው ቦታ፣ ለምሳሌ ሁሉም የሚያውቀው ነዳጅ ማደያ ወይም ሻይ ቤት፣ ጠዋት በስም ይነገረው። ከግርጌው እስከዚያ ያለው ርቀትም በክር ተለክቶ፣ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ሒሳብ ተከፍሎ፣ ከመመለሻው ሰዓት ላይ ተደምሮ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።